የማመልከቻው ቋንቋና የድርሰቱ ቋንቋ፤ የውጭ የድጋፍ ገንዘብና ኪነ ጥበባችን

1. መግቢያ

በቅርቡ ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን አንዱ ባለ ስምንት ገጽ ቅጽ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ቅጹን ያዘጋጀው በአውሮፓ የሚገኝ አንድ የባህል ተቋም ነው። ተቋሙ የአፍሪካ ከያንያን ከሌላ አገር ከያንያን ጋር ተባብረው ለሚሠሩት ሥራ የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል። ተማሪው ሊያቀርብ ያሰበው ተውኔት ነበር። «መምህር፣ እንግሊዝኛውን ቢያዩልኝ» አለኝ። ቅጹን አገላብጬ ካየሁ በኋላ «ተውኔቱስ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ገንዘቡ ከተገኘ እጽፈዋለሁ» አለኝ።

ይህን ሲል አላፈረም፤ ሊያፍርም አይገባውም። ያልተጻፈውን ሥራ እንደ ተጻፈ አድርጎ እንዲያቀርብ የጠየቀው ቅጹ ራሱ ነው። ጭብጡ ምንድን ነው? በስንት ወር ይጠናቀቃል? እነማንን ይጠቅማል? ምን ለውጥ ያመጣል? እነዚህን ጥያቄዎች በሚገባ የመለሰ ገንዘቡን የማግኘት ተስፋ አለው። ድርሰቱን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ግን ከሌሎቹ ብልጫ የለውም። እንዲያውም የጻፈው በአማርኛ ከሆነ ለመራጮቹ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም ማለት ይቻላል።

ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ውጭ ገንዘብ በመካከላችን የሚካሄደው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አቋሞች የተወሰነ ነው። አንደኛው ከያኒው ችግረኛ ነው፤ የማሳተሚያ ዋጋ አይቀመስም፤ መድረክ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ የሚል ነው። ሁለተኛው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» በሚለው ተረት የሚደገፍ ሲሆን ሰጪው በገንዘቡ አማካይነት የራሱን አሳብ ያስጽፋል ይላል። ሁለቱም አቋሞች የሚነጋገሩት ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ ነው፤ ድርሰቱን ግን አያዩትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድርሰቱን ማየት ነው። ላሳየው የምሞክረው ነጥብም አንድ ነው። በእኔ እምነት የድጋፍ ገንዘብ በአንድ ሥራ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው በትእዛዝ ወይም በሳንሱር አይደለም። ለውጡ የሚመጣው ሥራው ገና በራሱ ቋንቋ ሳይጻፍ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ አንባቢ እንዲጠቃለል ሲደረግ ነው። በዚህ ረገድ የራሴም ጥፋት አለበት፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

2. ለሰው የሚሰጥና ለሥራ የሚሰጥ ገንዘብ

ከውጭ ዓለም ጋር መገናኘት ለኢትዮጵያ ከያንያን አዲስ ነገር አይደለም። ሠዓሊው እስክንድር በጎስያን በ1955 እ.ኤ.አ. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባገኘው የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄደ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ለብዙ ዓመታት እየተማረና እየሠራ ከቆየ በኋላ በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሠዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል አጥንቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1960 እ.ኤ.አ. ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር፣ ፓሪስም ኮሜዲ ፍራንሴዝ ድረስ ሄዶ የተውኔት አዘገጃጀትን ተመልክቷል።

የእነዚህን ሰዎች ጉዞ ከዛሬው የድጋፍ ገንዘብ የሚለየው ዋና ነገር ገንዘቡ የተሰጠው ለሰው መሆኑ ነው። እስክንድር ከአዲስ አበባ ሲነሣ በፓሪስ ምን እንደሚሥል በጽሑፍ አላስታወቀም፤ ሊያስታውቅም አይችልም ነበር። በኋላ በሥራዎቹ ውስጥ ጎልቶ የወጣው የጠልሰምና የክታብ ቅርጽ ከዘመናዊው የአውሮፓ ሥዕልና በዚያ ከተማ ከተዋወቃቸው የአፍሪካና የካሪቢያን ከያንያን አሳብ ጋር ተዋሕዶ የመጣው በጊዜ ብዛት ነው። አንድ ቅጽ በ1955 እ.ኤ.አ. «ባህላዊ ቅርስን በሥራዎ ውስጥ እንዴት ይጠቀሙበታል?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ የሚሰጠው መልስ ከሥዕሉ ያነሰ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ገብረ ክርስቶስም እንዲሁ ነው። ሸራው ላይ ረቂቅ ሥዕልን ይዞ ሲመለስ በብዕሩ ግን አማርኛውን አልለቀቀም። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ቀድሞ እንዲያስረዳ የጠየቀው አልነበረም።

ነገር ግን ያንን ዘመን ማመስገን ብቻ ትክክል አይሆንም። የትምህርት ዕድሉ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነበር፤ በቤተ መንግሥትና በሚኒስቴር ደጅ የማይታወቅ የገጠር ልጅ ተሰጥኦው ምንም ያህል ቢሆን አያገኘውም። የዛሬው ቅጽ በዚህ በኩል የማይካድ ጥቅም አለው። ደሴም ሆነ ጎንደር የተቀመጠ፣ የሚያውቀው ባለሥልጣን የሌለው ወጣት ሞልቶ ሊልከው ይችላል። ክርክሬ ቅጹ ይቅር የሚል አይደለም፤ ቅጹ በድርሰቱ ላይ የሚሠራውን ሥራ እንወቅ የሚል ነው።

3. ማኬሬሬ፣ 1962 እ.ኤ.አ.

ገንዘብ፣ ቋንቋና ዓለም አቀፍ ትብብር እንዴት እንደሚተሳሰሩ ለማየት ከማኬሬሬው ስብሰባ የተሻለ ምሳሌ የለም። በሰኔ ወር 1962 እ.ኤ.አ. በካምፓላ ማኬሬሬ ኮሌጅ «በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ» ተካሄደ። ቺኑዋ አቼቤ፣ ወሌ ሾይንካ፣ ክሪስቶፈር ኦኪግቦ፣ ኢዚኪየል ምፋሌሌ ተገኝተው ነበር። ከአሜሪካ ላንግስተን ሂዩዝ መጥቷል። ገና ተማሪ የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ታድሟል። ከስብሰባው ጀርባ የነበረው «የባህል ነፃነት ጉባኤ» የተባለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የነበረ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት የኢባዳኑን ምባሪ ክበብና የካምፓላውን «ትራንዚሽን» መጽሔት ይረዳ ነበር። ከ1966 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች የድርጅቱ ገንዘብ ይመጣ የነበረው እንደ ፋርፊልድ ፋውንዴሽን ባሉ መተላለፊያዎች በኩል ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲ አይ ኤ መሆኑን አጋለጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማኬሬሬ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህንኑ ቅሌት ነው። ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ግን እምብዛም አይጠቅምም። ሾይንካም ሆነ ኦኪግቦ የማንም መንግሥት አፈ ቀላጤ ሆነው አልጻፉም። ገንዘቡ ግጥማቸውን አላስለወጣቸውም። ሰጪው ያስጽፋል የሚለው አቋም እዚህ ላይ ማስረጃ ያጥረዋል።

ዋናው ቁም ነገር በስብሰባው ርእስ ውስጥ በግልጽ የተጻፈው ነው። ንጉጊ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ አእምሮን ከቅኝ ግዛት ስለ ማላቀቅ በተጻፈው መጽሐፉ ይህንኑ አንሥቷል። እርሱ ገና ጥቂት አጫጭር ልቦለዶችን ያሳተመ ተማሪ ሳለ በእንግሊዝኛ በመጻፉ ብቻ ሲጋበዝ፣ በስዋሂሊ ቋንቋ ስመ ጥር የነበረው ሻባን ሮበርትም ሆነ በዮሩባ ቋንቋ ልቦለዶችን የጻፈው ፋጉንዋ ሊጋበዙ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ናይጄሪያዊው ሐያሲ ኦቢ ዋሊ ከስብሰባው ጥቂት ቆይቶ በ1963 እ.ኤ.አ. በዚያው በ«ትራንዚሽን» ላይ ይህ አካሄድ የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ መውጫ ወደሌለው መንገድ ይመራዋል ሲል ጽፎ ነበር።

በዚህ ሚዛን የእኛም ደራስያን ከደጅ ቀርተዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ የሚነበብ መጽሐፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ምንድን ነው እየተባለ በካምፓላ ሲመከር ግን አማርኛ በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ማንም ተነሥቶ «አማርኛ አይገባም» አላለም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የጥሪው ቋንቋ ያንን ሥራ ጨርሶታል።

ለሌላ ቋንቋ አንባቢ አስቀድሞ ማሰብ በድርሰት ላይ ምን እንደሚያመጣ ከራሳችን ደራስያን ውስጥ ዳኛቸው ወርቁ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጠናል። የእርሱ ጉዳይ የሚያያዘው ከመጽሐፍ ገበያ ጋር እንጂ ከድጋፍ ገንዘብ ጋር አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢን ያስቸገረው በሰሜን ሸዋ ገጠር አነጋገር፣ በተረትና በምሳሌ፣ በአካባቢው ለዛ የታጨቀ በመሆኑ ነው። ደራሲው ለማንም አያስረዳም፤ አንባቢው ራሱ ወደ ደብረ ሲና አቀበት መውጣት አለበት። በ1973 እ.ኤ.አ. በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ የታተመው የእንግሊዝኛ ልቦለዱ ደግሞ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርእስ አለው። አንድ የታመመ ፊታውራሪ ከልጆቻቸው ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ የሚያደርጉትን ጉዞ ይተርካል። መጽሐፉ መራራና ብርቱ ነው፤ ከ«አደፍርስ» አነሰ አልልም። ርእሱ ግን በዚያን ጊዜ በየማስታወቂያው ላይ ይታይ የነበረውን «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የተባለ የቱሪስት መፈክር የሚያስታውስ ምጸት ነው። ምጸቱ የሚጀምረው አገሪቱን በማስታወቂያ ከሚያውቃት ሰው ዘንድ ነው። «አደፍርስ» የሚለው ስም ግን አሳቡን የሚገልጠው «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለውን ብሂል ለሚያውቅ ነው። አንድ ደራሲ በሁለት ደጆች ላይ ቆሞ ሁለት ዓይነት እንግዳ ተቀብሏል። ዳኛቸው ይህን ሲያደርግ ሁለቱንም ሥራዎች በየቋንቋቸው ጽፏል። የዛሬው አመልካች ግን በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ድርሰቱን ሳይሆን የድርሰቱን ማጠቃለያ ነው፤ ኋላም ከዚያ ማጠቃለያ ወደ አማርኛ ይመለሳል።

4. አንዲት ሙሾ አውራጅና ሦስት ገጽ ማጠቃለያ

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሲያስበው የኖረውን ተውኔት አጫወተኝ። ባለታሪኳ በአገሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። በቀበሌዋ አንድ ባለጸጋ ይሞታል። ይህ ሰው በሕይወቱ ሳለ የአሮጊቷን የእርሻ ወሰን ከዓመት ዓመት እየገፋ ከመሬቷ ነቅሏታል። ከስሳው አልረታችም። አሁን ቤተ ዘመዱ «ያለ እርሷ ልቅሶው አያምርም» ብለው ይጠሯታል። ትሄዳለች። ደረቷን እየደቃች ሟቹን «ወሰን የማያውቅ» እያለች ታሞግሰዋለች። ሰሙ ቸርነቱ ልክ የለውም ነው፤ ወርቁ የሰው ወሰን ገፊ ነው። ዘመዶቹ በሙገሳው ልባቸው ተነክቶ ያለቅሳሉ። ወሰኑን የሚያውቁት ጎረቤቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ሊያለቅሱም ሊስቁም አይችሉም። ከዚያ በኋላ ያለው ድርጊት ሁሉ ማን ሰማ፣ ማን ገባው፣ ማንስ እንዳልገባው ሆነ የሚል ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ ተቋም ከውጭ አገር አዘጋጅ ጋር በጋራ ለሚሠራ ተውኔት የድጋፍ ገንዘብ አወጣ። ተማሪው ጽሑፉን ገና አልጀመረም፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ ቀርቧል። ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ነበር።

ቅጹ ሥራው የሚያተኩርበትን ማኅበራዊ ችግር ጠየቀ፤ «የገጠር ሴቶች የመሬት ባለቤትነት መብት» ብዬ ጻፍኩ። ተጠቃሚዎቹን ጠየቀ፤ ሴቶችንና ወጣቶችን ዘረዘርኩ። ሙሾ የሚለውን ቃል «ባህላዊ የሐዘን ዘፈን» አልኩት። «ወሰን የማያውቅ» የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ ደከምኩ። ሁለቱን ፍች በአንድ ቃል የሚይዝ እንግሊዝኛ አጣሁለት፤ በግርጌ ማስታወሻ ላብራራው ብል ቦታው አልበቃኝም። በመጨረሻ «በሟቹ ላይ ያላትን ምሬት በዘፈኗ ትገልጻለች» ብዬ አለፍኩት። ከጻፍኩት ሁሉ ውሸት የለበትም። ተውኔቱ ግን ከውስጡ ወጥቷል።

ገንዘቡ ተገኘ። አዘጋጁ መጣ፤ ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አማርኛ ስለማያውቅ በእጁ ያለው የእኔ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ይህች ሴት በደሏን ለምን አትናገርም?» አለ። በእኔ ማጠቃለያ ውስጥ ያለችው ሴት መብቷ የተነካባት ሴት ናት፤ እንዲህ ያለች ሴት ደግሞ በመጨረሻው ትዕይንት ተነሥታ መናገር አለባት። የአማርኛው ጽሑፍ ከዚህ ማጠቃለያ ተነሥቶ ተጻፈ። ሙሾ አውራጇ በሬሳው አጠገብ ቆማ ስለ መብቷ ንግግር አደረገች። ተመልካቹ አጨበጨበ። ማንም ግን አልተሸማቀቀም፤ ተመልካቹን ከጎረቤቶቹ መካከል የሚያስቀምጠው ያ ቃል በመድረኩ ላይ አልነበረምና።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። አንደኛ፣ ተውኔቱ ከቃል ተነሥቶ ወደ ጭብጥ የሚሄድ ነበር፤ ከጭብጥ ተነሥቶ ወደ ቃል የሚሄድ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሰምና ወርቅ ሁለት ዓይነት ሰሚ ይፈልጋል፤ የሚገባውና የማይገባው በአንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። የማመልከቻ አንባቢ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ሁሉን በቀጥታ ሊረዳ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ደራሲው መጨረሻውን ሳያውቅ የመጻፍ ነፃነቱን አጣ። ማጠቃለያው መጨረሻውን ወስኖ ፈርሞበታልና። አራተኛውና ለእኔ የከበደው፣ ባለታሪኳ ብልኅነቷን አጥታ ተበዳይ ብቻ ሆና ቀረች። በመጀመሪያው አሳብ ውስጥ ከሁሉ የምትበልጠው እርሷ ነበረች፤ በደለኛውን በገዛ ዘመዶቹ ፊት፣ በገዛ ልቅሶው ላይ፣ በሙገሳ ቃል የፈረደችበት እርሷ ናት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ምን ጻፍ፣ ምን አትጻፍ ብሎ ያዘዘ የለም። ተቋሙ ቃሉን ጠብቋል፤ አዘጋጁ በቅንነት ሠርቷል። ለውጡን ያመጣነው ቅጹና እኔ ነን።

5. ተቃራኒ ማስረጃዎች

ከላይ ያልኩት ሁሉ የውጭ ገንዘብ ያለበት ሥራ ሁሉ ከሥሩ ይነቀላል ለማለት እንዳይወሰድ ተቃራኒ ማስረጃዎችንም ማየት ግድ ነው። ከእነዚህ መካከል ቀዳሚው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የመጀመሪያውን ሽልማት ወስዷል። በሥራው የጀርመን አምራች ኩባንያ ተባባሪ ነበር። ሆኖም ታሪኩ በጀርመን የተማረውን አንበርብርን የሚከተል ሲሆን በዚያ አገር በጥቁር ሰው ላይ የሚደርሰውን የዘረኞች ጥቃት ያለ ይሉኝታ ያሳያል። የተባባሪው ገንዘብ አላስታረመውም። አማርኛውም አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ርእሱ እንኳ ሳይተረጎም ነው በዓለም የታወቀው።

ይህ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኃይሌ ሥራውን ለመፈጸም ከአሥር ዓመታት በላይ ገንዘብ ሲያፈላልግ ኖሯል። የፊልሙን ጽሑፍ ቅጽ አልወለደውም፤ ጽሑፉ ኖሮ ገንዘቡን ጠበቀ። ከዚያ ቀደም ሲል «ሳንኮፋ»ን በ1993 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አከፋፋይ ባጣ ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች አዳራሽ እየተከራየ ለጥቁሩ ሕዝብ በራሱ አሳይቷል። ተመልካቹን አስቀድሞ ያወቀ ከያኒ ለገንዘብ ሰጪ ሲጽፍ ያንን ተመልካች አይረሳም። ይሁን እንጂ አሥር ዓመት መጠበቅ የሚችል ስንቱ ነው? ተማሪዎቼን የኃይሌን ጽናት ይኑራችሁ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።

ሁለተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ለካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። በሥራው ከኢትዮጵያ ሌላ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የኳታር ድርሻ አለበት። ፊልሙ በአማርኛ ነው፤ እናቱን በሞት ያጣውን ሕፃን ኤፍሬምንና በጉን ሲያሳይ ብዙ አያብራራም። የሚታወቀው ግን በእንግሊዝኛ ርእሱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ ርእሱን በአማርኛ ይዞ ዓለምን ዞሯል። ቃሉ ጀግንነትንም፣ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸምን ግፍም በአንድነት የሚይዝ መሆኑን ግን አማርኛ ሰሚ ብቻ ነው ያለ አስረጂ የሚያውቀው። ስለዚህ የርእስ ነገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው፣ ትብብሩ ከመምጣቱ በፊት በራሱ ቋንቋ የቆመ ነገር ያለው ከያኒ ትብብሩን መሸከም እንደሚችል ነው።

6. ምን ይደረግ?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን አሳብ ስነግራቸው «ታዲያ ከያኒው ይራብ ነው የምትለው?» ይሉኛል። አይደለም። ሦስት ነገሮችን ማድረግ እንችላለን እላለሁ።

የመጀመሪያው ሰጪዎቹን የሚመለከት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኔስኮ የባህላዊ መግለጫዎች ብዝኃነት ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ ማመልከቻ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ስለ ብዝኃነት የቆመ ገንዘብ በሁለት ቋንቋዎች በር ብቻ ይገባል። የአስተዳደር ምክንያት እንዳለው ይገባኛል፤ ሁሉን ቋንቋ የሚያነብ መርማሪ መቅጠር አይቻልም። ነገር ግን የሥራውን ናሙና በተጻፈበት ቋንቋ ተቀብሎ፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ አንድ አንባቢ ከፍሎ ማስመርመር ይቻላል። ገንዘቡ ለትብብር ከሆነ፣ ትብብሩ ከማንበብ ቢጀምር ምን ይጎዳል?

ሁለተኛው ለትርጉም የሚሰጠውን ድጋፍ መፈለግ ነው። በአሜሪካ የፔን ማኅበር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተርጓሚዎች ድጋፍ የሚሰጥበት ፈንድ አለው። የተቋቋመው ተርጓሚው ማይክል ሄንሪ ሃይም በስጦታ ባበረከተው 730,000 ዶላር ሲሆን፣ ሃይም በ2012 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ስሙ ሳይገለጥ ቆይቷል። የእንዲህ ያለው ድጋፍ ጠባይ ለእኛ ይስማማል። ድጋፉ የሚጠይቀው አስቀድሞ የተጻፈ ሥራ ነው፤ ደራሲው ለማንም ማጠቃለያ ብሎ አሳቡን አያጎብጥም። ዓለሙ ተበጀ እና ክሪስ ቤኬት በጋራ ያዘጋጁት የአማርኛ ግጥሞች የእንግሊዝኛ መድበል በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በካርካኔት አሳታሚነት ሲወጣ ዓለም አቀፍ ትብብር በዚህ ቅደም ተከተል ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ግጥሞቹ በአማርኛ ኖረው፣ ተነበው፣ ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ባለቅኔዎች ቁጭ ብለው በቃላቱ ላይ የተከራከሩት። ጠፋ የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ ዋናው በእጃችን አለ።

ሦስተኛው የቤታችን ጉዳይ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከከበደ ሚካኤልና ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ጀምሮ ለአማርኛ ደራስያን ሽልማት ሲሰጥ ዳኞቹ ሥራውን በአማርኛ የሚያነቡ ነበሩ። ድርጅቱ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቀረ። የዘመኑን ሥርዓት የሚመልስ የለም፤ ግን በገዛ ቋንቋው አንብቦ የሚፈርድ፣ በገንዘብም የሚረዳ ተቋም ማጣታችን ከያኒውን ወደ ቅጹ የሚገፋው አንዱ ምክንያት መሆኑን ማመን አለብን። የትምህርት ክፍላችን የሚሰጠው ገንዘብ የለውም። ማንበብ ግን ይችላል። አንድ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቀን «መጀመሪያ አማርኛውን አምጣ» ማለትን ልማድ ማድረግ እንችላለን። ይህ ወጪ የለውም፤ የእኛን ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

7. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ በማኬሬሬ የአፍሪካን ቋንቋዎች ከደጅ ያስቀራቸው የስለላ ድርጅቱ ገንዘብ ሳይሆን የጥሪው ቋንቋ ነበር። የእኔን ተማሪ ሙሾ አውራጅ አንደበቷን የዘጋው ሰጪው ሳይሆን ሥራው ሳይኖር የተጻፈው ማጠቃለያ ነው። ጤዛን የመሰሉ ሥራዎች ከውጭ ገንዘብ ጋር ተባብረው ራሳቸውን የጠበቁት ቀድመው ስለነበሩ ነው። ሐያሲ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ሲመረምር «ማን ከፈለ?» ከማለቱ በፊት «መጀመሪያ የተጻፈው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

በመግቢያው ላይ ያነሣሁትን ተማሪ ቅጹን አልከለከልኩትም። «አንድ ትዕይንት ጽፈህ ና፤ እንግሊዝኛውን ያኔ አይልሃለሁ» አልኩት። ደስ አላለውም፤ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አሥራ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። ያን ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ቢሮዬ ቁጭ ብለን በሦስት ቃላት ላይ ተከራከርን፤ አንዱን እስከ መጨረሻው መተርጎም ስላልቻልን በአማርኛው ተውነው። የአማርኛውን አሥራ አንድ ገጽ፣ ቅጹ ባይጠይቅም፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዘን ላክነው። መልሱ ገና አልመጣም። ተማሪው ግን ሁለተኛውን ትዕይንት ጀምሯል።